ሌሎችን የሚከስሰው ሳጥን

ዛሬ የምናካፍላችሁ ከመድረክ ሳይሆን ከጋራዥ የተማርነውን ነው። ነገሩ እኛን መሪዎቹን የሚያሳፍር ስለሆነ ለመጻፍ ጊዜ ወስዶብናል።

ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ባለ ናፍጣ ፒክአፕ አለቻት። ወንበርና ድምፅ ማጉያ ጭና ከሐዋሳ በዲላ በኩል እስከ ይርጋ ጨፌ ገጠሮች ድረስ ለወንጌል ሥራ ትመላለሳለች። አንድ ቀን ዲላን አልፋ ዳገት ላይ ሳለች ኃይሏ ድንገት ጠፋ፤ የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት በራ፤ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ይህ ልማዷ ሆነ። ጠዋት ደህና ናት፤ ፀሐይ ሲበረታና ሞተሩ ሲግል ትቆማለች።

ጋራዥ ወሰድናት። ባለሙያው ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የኮድ ማንበቢያ ሰካ። ሦስት ኮዶች ወጡ፦ ፒ0192፣ ፒ0107 እና ፒ2122። አንዱ የናፍጣውን ግፊት የሚለካውን ሴንሰር፣ ሌላው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን፣ ሦስተኛው የነዳጅ ፔዳሉን ሴንሰር ይከስሳል። “ሦስቱም ሞተዋል” ተባልን። አንዱን ቀየርን፤ ሁለት ቀን ሠርታ ቆመች። ሁለተኛውን ቀየርን፤ ቆመች። ሦስተኛውን ቀየርን፤ አሁንም ቆመች። ለአገልግሎት የተሰበሰበው ገንዘብ አለቀ፤ ኮዶቹ ግን እየተመላለሱ ያንኑ ክስ ያቀርቡ ነበር።

በዚህ መካከል ከመኪናዋ የባሰ ነገር በእኛ ውስጥ ተበላሸ። “የናፍጣ ግፊት” የሚለው ቃል በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሌላ ሐሳብ ወለደ። “ናፍጣው ንጹሕ ባይሆንስ?” አለ አንዳችን። “ሹፌሩ ናፍጣ እየሸጠ ነጭ ጋዝ ቀላቅሎበት ይሆናል” አለ ሌላው። ማስረጃ አልነበረንም። ለዓመታት ያገለገለንን ወንድም ጠርተን ጠየቅነው። “አላደረግሁትም” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዝምታውን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርነው። “ጉዳዩ እስኪጣራ” ብለን ቁልፉን ተቀበልነው፤ የወር ደመወዙንም ያዝንበት። ማጣራቱን ግን ማናችንም አልጀመርነውም። ወሬው በምእመናኑ መካከል ተሰማ። ባለቤቱ ከመዘምራን ቀረች። እርሱ ግን እሑድ እሑድ እየመጣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። የቀየርናቸውን ዕቃዎች ስንዘረዝርላቸው በትዕግሥት ሰሙንና “ፓስተር፣ ሦስት ምስክሮች ባንድ ጊዜ ዋሹ ከተባለ፣ ሦስቱን ከመቅጣት በፊት ሦስቱን የሚያበላቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው” አሉን።

ከዚያ አስረዱን። ሦስቱ ሴንሰሮች የራሳቸው ኃይል የላቸውም። የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ኢሲኤም የሚሉት ሳጥን፣ 5 ቮልት ይልክላቸዋል፤ እነርሱም ከዚያው ላይ መልስ ይሰጡታል። ሳጥኑ መልሱን እያነበበ ስንት ናፍጣ ወደ ሞተሩ መረጨት እንዳለበት ይወስናል። የላከው ቮልት ከጎደለ መልሱም ይጎድላል። እርሱ ግን የራሱን ጉድለት አያይም፤ “ሴንሰሩ ዋሸ” ብሎ ኮድ ይጽፋል።

ሽማግሌው ሳጥኑንም ቢሆን በችኮላ አልፈረዱበትም። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት፣ ደህና ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ኃይልና የቦዲ ገመዱን መረመሩ፤ ደህና ነው። ወደ ሴንሰሮቹ የሚሄደውን ቮልት ለኩ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 5 ሙሉ ነበር። ከዚያ ሳጥኑን በፀጉር ማድረቂያ አሞቁት። በቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ወደ 4፣ ከዚያም ወደ 3 ወረደ። ሦስቱንም ሴንሰሮች ነቀሏቸው፤ ቁጥሩ አልተመለሰም። እንግዲያው የሚጎትቱት ሴንሰሮቹ አይደሉም። ሳጥኑን ነቅለው ገመዶቹን ብቻቸውን ፈተሹ፤ የተላጠም የተነካካም የለም። ያን ጊዜ ነው “በሽታው እዚህ ውስጥ ነው” ብለው ሳጥኑን መታ መታ ያደረጉት።

ቀጥለውም አንድ ጥያቄ ጠየቁን። “መኪናዋ መቆም ሳትጀምር ብየዳ ተሠርቶባት ነበር?”

ዝም አልን። ተሠርቶባት ነበር። ለኮንፈረንሱ ወንበር የምትጭንበትን የብረት መደርደሪያ ያስበየድነው እኛ ነን። የዚያን ዕለት ሹፌራችን “የባትሪውን ገመድ እንንቀል፣ የብየዳ ኃይል ኮምፒውተሩን ይጎዳል” ብሎን ነበር። “ጊዜ የለም፣ ኮንፈረንሱ ነገ ነው” ብለን የመለስንለትም እኛው ነን። ሽማግሌው “ሳጥኑን ያቃጠለው ያ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ” አሉ። እርሳቸው ባይምሉም እኛ ወዴት ማየት እንዳለብን ገብቶን ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ያቺ ሳጥን እኛ ነበርን። በቤቱ ውስጥ ኮድ የሚጽፍ፣ ይህ አጥፍቷል፣ ያ ጎድሏል የሚል ሥልጣን የተሰጠን እኛ ነን። ወጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ዘማሪዎቹ አይታዘዙም፣ ሹፌሩ አይታመንም እያልን ጽፈናል። እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ የደከሙት ከእኛ የሚደርሳቸው ነገር ጎድሎ ይሆን ብለን አልጠየቅንም። ደግሞም ችግሩ የሚታየው በጋለ ጊዜ ነው። በጸሎት ጠዋት ደህና ነን፤ ዳገትና ሙቀት ሲመጣ፣ ገንዘብ ሲያልቅ፣ ሥራ ሲበዛ ግን ቃላችንም ፍቅራችንም ይወርዳል።

ንጉሥ ዳዊት በናታን ፊት የቆመበትን ታሪክ (2ኛ ሳሙኤል 12) ስንት ጊዜ ሰብከናል! የድሀውን በግ በወሰደው ሰው ላይ ቁጣው ሲነድድ ዳዊት ለፍትሕ የቆመ ይመስለው ነበር። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ተከሳሹ ግን ራሱ ፈራጁ ሆኖ ተገኘ። ጌታችንም የወንድማችንን ዓይን ለማጥራት ከመነሣታችን በፊት በራሳችን ዓይን ያለውን ምሰሶ እንድናወጣ ሲያስተምር የጠበቀን ከዚሁ ነው። የተበላሸ ልብ ራሱን መርምሮ “ደህና ነኝ” ይላል። ስለዚህ ከውጭ የሚለካን፣ ናታንን የሚልክልን አምላክ ያስፈልገናል።

ምትክ ሳጥን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ ያገለገለ ዕቃ ተገኘ። ሽማግሌው የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ነቅለው ገጠሙት። ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም፤ አዲሱ ሳጥን ቁልፋችንን አያውቀውምና። በአሮጌው ውስጥ የነበረው የቁልፍ መለያና የእያንዳንዱ ኢንጄክተር ኮድ ተገልብጦ ከተጻፈበት በኋላ ነው የተነሣችው። በሕዝቅኤል 36 እግዚአብሔር ለሕዝቡ አዲስ ልብ እንደሚሰጥ ተስፋ ሲሰጥ እዚያ አያቆምም፤ መንፈሱን በውስጣቸው እንደሚያኖርና በትእዛዙ እንደሚያስሄዳቸው ይናገራል። ለእኛ የዚያን ሳምንት ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ወደ ወንድማችን መሄድ።

ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ያጎደፍነው ስሙ በጉባኤ ፊት ነበርና እሑድ በጉባኤ ፊት ደገምነው። የያዝነውን ደመወዝ መለስን። ይቅር አለን። መኪናዋን ዳገቱ ላይ የፈተናትም እርሱ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ ሳትቆም ወጣች። ባለቤቱ ግን ወደ መዘምራን የተመለሰችው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሳጥን ባንድ ቀን ይቀየራል፤ ያቆሰልነው ሰው ግን በእኛ ጊዜ አይድንም። ይህን ተቀብለን መታገሥም የንስሐችን ክፍል ነው።

ምናልባት ይህን የምታነብቡ አንዳንዶቻችሁ ከቤተ ክርስቲያን የራቃችሁት እንዲህ ባለ ክስ ይሆናል። እኛ የፈረድነው ሁሉ ጌታ የፈረደው አይደለም። እርሱ ሳይመረምር አይፈርድም፤ ያገኘውን ጉድለት ደግሞ ይፈውሳል እንጂ አይጥልም። ወደ እርሱ ኑ።

መሪዎች፣ ወላጆች፣ አሠሪዎች የሆናችሁ ወገኖችም፣ ዛሬ በእጃችሁ የተጻፈ ክስ ካለ፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ለክሱ ጸሐፊ ጊዜ ስጡና መርምሩት።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ በሌሎች ላይ የጻፍነውን ሁሉ አንተ ታውቃለህ። በጋልንበት ሰዓት ልካን፤ ሰበብ ስንፈልግ አቁመን። ያቆሰልናቸውን ፈውስ፤ ወደ ደጃቸው ለመሄድም አቅም ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።