የ«ነባር» ተቃራኒ ምንድን ነው?

አዲስ ቅዳም ላይ የእንግሊዝኛ መምህር የ«ኦልድ»ን ተቃራኒ ቢጠይቅ አንዱ ተማሪ «ኒው»፣ ሌላው «ያንግ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለጫማ ኒው፣ ለሰው ያንግ።

አማርኛም ይለያል። የአሮጌ ጫማ ተቃራኒ አዲስ፣ የሽማግሌ ተቃራኒ ወጣት ነው። ሽማግሌን «አሮጌ» ማለት ነውር ነው።

ጣጣው «ነባር» ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የነባር ሠራተኛ ተቃራኒ አዲስ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ዓመታት ሲያልፉ ነባር ይባላል። ስለ ሕዝብ ሲወራ ግን ተቃራኒው «መጤ» ይሆናል። መጤነት ደግሞ በዓመታት አይለቅም፤ እዚያው የተወለደ ልጅም ይወርሰዋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከአዊ በስተምዕራብ መተከል አለ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል፤ የሌሎቹን ነዋሪነት ብቻ ያውቃል። በባሪያ ፍንገላ ዘመን ብዙ የተበደለው ጉሙዝ ዋስትና መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ግድያ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ ገብተዋል። ባለቤት ተብለው የተጻፉት ሺናሻዎችም ከጥቃቱ አልተረፉም።

ስለዚህ ሕግ አውጪው አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሰው በኖረበት አገር አዲስነቱ የሚያበቃው በስንት ዓመቱ ነው?