ከመርከቦች ሁሉ የትኛዋን ይመርጣሉ?

የጂኦግራፊ መምህርዎ ኬንትሮስ ከዜሮ መቈጠር የሚጀምርበትን ስፍራ ግሪንዊች ብለው ሳያስጠኑዎት አልቀሩም። ዛሬ ወደዚያው ስፍራ አብረን እንሄዳለን፤ የምንሄደው ግን መሥመሩን ለማየት ሳይሆን፥ ለመደርደሪያዎ የምትሆን አንዲት መርከብ ለመምረጥ ነው።

ከሎንዶን ታወር ግንብ አጠገብ በጀልባ ተሳፍረው በቴምዝ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ፥ ሦስት ረጃጅም ምሰሶዎች ከሩቅ ብቅ ይላሉ። ይህች ካቲ ሳርክ የምትባለው የሻይ መርከብ ናት። ከ2012 ዓ. ም. ወዲህ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) 3 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጋ ስለ ቆመች፥ ጎብኚው በሆዷ ሥር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ቀና ሲል ወርቅ የመሰለው የናስ ልባሷ ያብረቀርቃል። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ብሔራዊው የባሕር ሙዚየም አለ፤ እዚያም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ የመርከብ ሞዴሎች ተጠብቀው ይኖራሉ።

እንግዲህ ደሞዝዎ አንዲት ሞዴል ብቻ ያስገዛዎታል እንበል። ሞዴል ሠሪው ራሱን የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች እርስዎም ይጠይቁ። የመርከቧ ልክ በትክክል ይታወቃል ወይ? በመደርደሪያ ላይ ትገባለች ወይ? ታሪኳስ እንግዳ ያስደምጣል ወይ?

ልኳ አያስቸግርም፤ መርከቧ ቆማለችና ሜትር ይዞ መለካት ነው። ስፋቱን ግን ያስቡበት። ካቲ ሳርክ ከፊት ከተቀሰረው ግንድ ጋር 85 ሜትር ያህል ትረዝማለች። 96 ጊዜ ብትቀነስ እንኳ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች፤ ይህም ጠባብ ክፍል ለተከራየ ሰው ቀላል ነገር አይደለም!

ታሪኳስ? በስኮትላንድ በዳምባርተን ተሠርታ ኅዳር 1869 ወደ ውሃ ስትገባ፥ የሱዌዝ ቦይ ከተከፈተ ገና አምስት ቀን መሆኑ ነበር። ቦዩና የቀይ ባሕር መንገድ ለእንፋሎት መርከብ የተመቹ፥ ለባለ ሸራ ግን የማይበጁ ስለ ነበሩ፥ ካቲ ሳርክ የተወለደችው ሥራዋ ሊወሰድባት ሲል ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም በ1872 ቴርሞፒሌ ከምትባለው ባላንጣዋ ጋር ከሻንጋይ ሻይ ጭነው ተሽቀዳደሙ። ካቲ ሳርክ 400 ማይል ያህል ቀድማ ሳለች ማዕበል መሪዋን ገነጠለው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የነበረው የባለቤቱ ወንድም ወደ አፍሪካ ወደብ እንጠጋ ሲል፥ ሻምበሉ እንቢ አለ። በሚናወጠው መርከብ ላይ አዲስ መሪ ሠርተው ገጠሙና ጕዞው ቀጠለ፤ ሎንዶን የገቡት ግን ቴርሞፒሌ ከገባች ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።

ያሸነፈችው ቴርሞፒሌ ከሆነች፥ ዓለም ለምን የተሸነፈችውን ይመርጣል? ሬቬል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1959 በየቤቱ የሚገጣጠም ሞዴል አድርጎ ያወጣው ካቲ ሳርክን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቴርሞፒሌ በ1907 ፖርቱጋል ጠረፍ ላይ ሰጠመች። ካቲ ሳርክም በ1895 ለፖርቱጋሎች ተሸጣ ስሟ ተለውጦ ነበር፤ ነገር ግን በወጣትነቱ በባሕር ላይ ስትበር ያያት ሻምበል ዳውማን በ1922 ገዝቶ ወደ አገሯ መለሳት። በ2007 እሳት ሲነሣባት እንኳ ብዙው ክፍሏ ለጥገና ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ስለ ነበር ተረፈች። እንግዲህ ያስመረጣት ፍጥነቷ ሳይሆን፥ የሚያዝንላት ሰው ማግኘቷ ነው።

በመዝገብ ቤት የሠራ አንባቢ ይህን ነገር ያውቀዋል። ባለጕዳዩ በሕይወት ሳለ ፋይሉ ቢጠፋ ራሱ ቀርቦ ይናገራል፤ ባለጕዳዩ ከሞተ ግን ያለው ፋይሉ ብቻ ነው። ካቲ ሳርክ ቀርባ ትናገራለች። ቴርሞፒሌ ግን ከሥዕልና ከሞዴል በቀር የምትቆምበት ስፍራ የላትም።

ስለዚህ ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ሲቆሙ፥ ካቲ ሳርክን ቢመርጡ ማንም አይነቅፍዎትም፤ ያማረች፥ ልኳም የተረጋገጠ ናት። ዳሩ ግን ከጥግ አቧራ የለበሰች ቴርሞፒሌ ብትገኝ፥ እጅዎን ወደዚያ ቢዘረጉ ምክራችን ነው። እንግዳ መጥቶ «ይህች ደግሞ የማን መርከብ ናት?» ቢልዎት፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የሚያጫውቱት አያጡም። በዚያች ሰዓትም የሰጠመችው መርከብ በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ እንደገና ትንሳፈፋለች።