በፊውዝ ፋንታ

ከአባቴ በውርስ ያገኘኋት አሮጌ ፎልክስዋገን ኮምቢ ቡራዩ ባለው ግቢዬ ቆማ ጎረቤትን ሁሉ ታስቃለች። በ1964 ዓ.ም. የተሠራች ስትሆን፣ የኋላ ወንበሯ ተነሥቶ አልጋ፣ መደርደሪያና ትንሽ መብራት ስለ ገባላት ከመኪናነቷ ይልቅ ቤትነቷ ያመዝናል። እኔ የጽሕፈት ቤት ሰው ነኝና ስለ መኪና የማውቀው ጎማ መለወጥ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ በገዛ እጁ ሲጠግናት የኖረችውን መኪና ለባለሙያ መስጠት እንደ ውርደት ታየኝ።

አንድ ሰሞን የአልጋው መብራት እምቢ አለ። ብመረምር ፊውዙ ተቃጥሏል። የዚህች መኪና ፊውዝ በጣት አንጓ በምታህል ሸክላ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ብረት ነው። አዲስ ሳስገባ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳለች ደኅና ይሠራል፤ መንገድ ስወጣ ግን ይቃጠላል። ሦስተኛው በተቃጠለ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና ከሲጋራ ፓኮ ያወጣሁትን ብርማ ወረቀት ጠቅልዬበት መለስሁት። መብራቱም በራ! በብልሃቴ እጅግ ተደሰትሁ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከሆለታ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ተኝተዋል። ገፈርሳ ሳንደርስ ባለቤቴ «የሚሸት ነገር አለ» አለችኝ። የውጭ ጢስ ነው ብዬ ነዳሁ። ዘወር ብላ ብታይ ጢሱ የሚወጣው ከልጆቹ አልጋ ሥር ነው። እንዴት እንዳቆምሁ፣ ልጆቹን ማን እንዳወጣቸው፣ ዛሬም አላስታውስም፤ የማስታውሰው የባትሪውን ገመድ ለመንቀል በፒንሳ ስታገል ጣቴ መድማቱን ነው።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለምኜ አመጣሁ። ብርማውን ወረቀት በመዳፋቸው ይዘው አዩትና፦

«ልጄ፣ ፊውዙ በተቃጠለ ቍጥር ያጠፋ መስሎህ ነበር? እሱማ ሥራውን ሠራ» አሉኝ።

12 ቮልት እጅን ስለማይነዝር ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የመኪናው አካል ራሱ ከባትሪው ጋር እንደ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ አካሉን የነካ እንደሆነ ኮረንቲው በአምፖሉ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይሮጣል፤ ሽቦውም እንደ ምጣድ ይግላል። ስምንት አምፔር የሚችለው ፊውዝ ቀልጦ መንገዱን ይዘጋ ነበር፤ የእኔ ወረቀት ግን በሩን ከፍቶ ያዘው። ሽማግሌው የመኪናውን አካል «ማሳ» ይሉታል፤ እንደ ሞተሪኖና እንደ ፍሬቻ ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የእህል ማሳ መስሎኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ቀጥለው በፊውዙ ቦታ ሁለት ሽቦ የተቀጠለበት የፓውዛ አምፖል አስገቡና በመስመሩ ያለውን መብራት ሁሉ አጠፉ። አምፖሉ ከበራ ሽቦው አንድ ቦታ ማሳ ነክቷል ማለት ነው፤ አምፖሉ ኮረንቲውን ስለሚገታው ደግሞ ሽቦው አይነድም። አልበራም። ከመሪው ሥር ጀምረው ሽቦውን እየነቀነቁ ወደ ኋላ ሄዱ። ከአልጋው ሥር ሲደርሱ አምፖሉ ቦግ አለ። ሽቦው በላሜራው ቀዳዳ የሚያልፍበት የጎማ ቀለበት አርጅቶ ረግፏል፤ የላሜራው ስለትም ልባሱን በልቶታል። ግቢ ውስጥ ሲቆም የማይነካው፣ መንገድ ሲያናውጠው የሚነካው ለዚህ ነበር።

የቀለጠውን ሽቦ ለውጠው፣ ቀዳዳውን አዲስ ጎማ አልብሰው ሲያበቁ የቀሩትን ፊውዞች አንድ በአንድ አወጡ። ከአንዱ ላይ ያረጀና የጠቆረ ብርማ ወረቀት ተገኘ።

«ይኸም የአንተ ነው?» አሉኝ።

የማን እጅ እንደ ጠቀለለው ዐውቄ ዝም አልሁ። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ በቦታው አዲስ ፊውዝ አስገቡ።