ቅዳሜ በጀጎል

ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሐረር ቅርብ ናት፤ መንገዱ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ቅርብ ስለሆነች ይመስለኛል ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ብድግ ብለን የማንሄድባት። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ግን ከጓደኛዬ ጋር ሙሉ ቀን ልናሳልፍባት ተነሣን። «ልጆቹን ለአባቶቻቸው ትተን የሸሪፍን ሙዚየም እንይ፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚያየውን እኛ ሳናየው ልናረጅ ነው» ያለችኝ እርሷ ናት።

ሚኒባስ ውስጥ በጭኗ ላይ አቅፋ የያዘችውን ፌስታል አየሁና «ምሳ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

«የአባባ ቁርኣን ነው» አለችኝ።

ደንገጎን ስንወጣ ነገሩን አጫወተችኝ። አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ንብረታቸው በሸሪዓው መሠረት ለወራሾች ተከፋፍሏል። የቀረው ይህ በእጅ የተጻፈ ሙስሐፍ ብቻ ነው። አንድ ደላላ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ዋጋ ጠርቷል፤ ወንድሞቿም ተስማምተዋል፤ ሰውዬው ሐሙስ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። የእርሷ ድርሻ ብቻ የልጇን የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። «ሙዚየም ያሉት ሰዎች ምንነቱን ይንገሩኝና ከዚያ እወስናለሁ» አለች። እኔስ ምን ልበላት? ባለቤቷ ከሥራ ከወጣ ስንት ወሩ እንደሆነ አውቃለሁና «አትሽጪው» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣልኝም። አወዳይ እስክንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን።

ሸዋ በር ላይ ወርደን ወደ ጀጎል ገባን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህችን በግንብ የታጠረች ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶች እንዳሏት ጽፏል፤ ያውም 48 ሄክታር በሆነ መሬት ላይ! ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር አመራን። መንገዷ ስሟን ያገኘችው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ዛሬም ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ጓደኛዬ የጨርቅ ዋጋ ሳትጠይቅ ስታልፍ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙዚየሙ ያለው ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሥራውን የጀመሩት በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነበር፤ ሰው እንደ አሮጌ ዕቃ የጣለውን ሲሰበስቡ ኖረው፣ ኋላ ላይ ክልሉ ይህን ቤት ሰጣቸው። ዛሬ ከሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉ። አልባሳቱን፣ የአሚሮቹን ሳንቲምና ጎራዴውን በጥድፊያ አለፍነው። ስፌቶቹ ዘንድ ግን ቆምን። ጓደኛዬ ባለ ሾጣጣ ክዳኑን አፍላላ እያየች፣ እናቷ በልጅነታቸው ሞይ ጋር ይውሉ እንደነበር ነገረችኝ። ሞይ ጋር ማለት ሴት ልጆች አንዲት ባልቴት ቤት ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ቤት ነው። አንድ ዙር የተሳሳተች ልጅ ስፌቷን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች፤ ጓደኞቿም አብረዋት ያመሻሉ። «እናቴ ይህን ሁሉ ስትችል እኔ አንድ ሌማት እንኳ አላውቅም» አለች። እኔም አላውቅም።

መጻሕፍቱ ዘንድ ስንደርስ ፌስታሉን ከፈተች። አንድ ወጣት ሠራተኛ እጁን ታጥቦ መጣና ሙስሐፉን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ ያየው ሽፋኑን ነው። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ፣ ስለ ከተማዋ ብዙ ክፉ የጻፈው ሰው፣ ድጉሰቷን ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር የለም ብሎላታል። የጓደኛዬ ሙስሐፍ ሽፋን ወደ ፊት የምትታጠፈው ምላሱ ተቆርጣ በላስቲክ ፕላስተር ተለጥፋለች። ወጣቱ ፕላስተሩን አይቶ ፊቱን ቋጠረ። (ውድ አንባቢያን፣ እቤታችሁ አሮጌ ኪታብ ካለ ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ፌስታልም እርጥበት ይይዛልና በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከወጥ ቤት ጢስ አርቁት። እኛም የተነገረን ያኔ ነው።)

ከዚያም አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። ወረቀቱ ውስጥ በመጠን የሚለያዩ ሦስት ጨረቃዎች ተደርድረው ታዩን! የጣሊያን ወረቀት ነው አለን። በዚያ ዘመን ከቬኒስ አካባቢ ተሠርቶ ወደ እስላም አገሮች ይላክ የነበረው ወረቀት ይህ ምልክት ነበረው፤ በወደብ በኩል በግመል ሐረር ይደርሳል፤ የሐረር ጸሐፊም ቁርኣን ይጽፍበታል።

ጓደኛዬ ፈገግ ያለችው ያን ጊዜ ነበር። ወጣቱ ግን የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና ገልጦ ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ።

«እህቴ፣ ይህ እኮ ወቅፍ ነው።»

ሙስሐፉን ያስጻፈው ሰው ጀጎል ውስጥ ላለ አንድ መስጊድ ለአንባቢዎች ወቅፍ አድርጎታል። የመስጊዱን ስም ሲያነብ ጓደኛዬ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች፤ የአባቷ የትውልድ ሰፈር መስጊድ ነው። ወጣቱ፣ ደላላው ከአገር የሚያወጣው ከሆነም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት እንደሚከለክል ጨመረበት። እርሷ ግን የሰማችው አልመሰለኝም። «አባቴ የመስጊድ ዕቃ ወስዶ ነው?» ትላለች ደጋግማ።

ዙሁርን ጃሚዕ መስጊድ ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንድ ሸኽ አስጠየቅን። መልሳቸው አጭር ነበር፤ ወቅፍ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም፤ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማክረው ወቅፍ ካደረጉበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ምሳ አላማራትም። እኔ ግን ፈጢራዬን በላሁ፤ ምን ላድርግ፣ ርቦኝ ነበር።

ትንሿን መስጊድ ያገኘናት በጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ ሙስሐፉን ሲያዩ ስለ ጽሑፉ አልጠየቁም፤ አውቀውታል። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ኪታቦቹ ሊበሰብሱ ሲሉ የሰፈሩ ሰዎች ተከፋፍለው እየቤታቸው አስቀመጧቸው። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። «አባትሽ ግን ድሬዳዋ ከገባ በኋላ እንኳ በየረመዷኑ ይዞት ይመጣ ነበር፤ አኽትሞ ይዞት ይመለሳል። እዚህ ልተወው ሲለኝ፣ ጣሪያው እስኪሠራ አንተ ጋ ይሁን የምለው እኔ ነበርኩ» አሏት።

ጓደኛዬ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች። ሽማግሌው ጣሪያውን በእጃቸው አሳዩን፤ አዲስ ቆርቆሮ ነው። ሙስሐፉ ተጠግኖ ሸዋል ከመግባቱ በፊት እንዲመለስ ተስማሙ።

ሸዋ በር ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ታላቅ ወንድሟን በስልክ አገኘችው። የመስጊዱን ነገር እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ከዚያ «ሐሙስ ሰውዬውን ምን ልንለው ነው?» ሲል ተሰማኝ።

«ሻይ አጠጡትና ሸኙት።»

አወዳይ ላይ ኦቾሎኒ ገዛን። ደንገጎን ስንወርድ የጆሮዋን ወርቅ እየነካካች፣ ቀፊራ የማውቀው የማያታልል ወርቅ ሠሪ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ፤ ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።