ባቡሩ መጣ፣ ሐዲዱ ቀረ

ሆሳዕና ባቡር ገባላት። ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በባጃጅ።

ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ጂንስ ሱሪ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ላኪው ታናሼ ነው። ካርቶኑ ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ላዩ ላይ «ሊማ» የሚል አለበት። ስከፍተው ሦስት አረንጓዴ ፉርጎዎች እንደ ሕፃን በየጉድጓዳቸው ተኝተዋል። በሮቹ፣ መስኮቶቹ፣ ሁሉም አለ። ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ ያለቀለት ነው። ልጄ «አባዬ፣ ሰዎቹስ?» አለኝ። ሰው የለበትም። ቢኖርበት በዚህ ልክ ቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነበር የሚሆነው።

ሐዲድም የለበትም። ልጁ ባቡር ልኮ ሐዲድ ረሳ! ደወልኩለት። «እዚያው አይጠፋም ብዬ ነው» አይለኝም? የት? እዚሁ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ? ከሞጆ በሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ ይዘረጋል ሲባል የኖረው መስመር ካርታ ላይ እንኳ ወደ እኛ ጎራ አይልም።

ከሰዓቱን ሥራ ትቼ ስለዚህ ባቡር ሳነብ ዋልኩ። (አለቃዬ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ሪፖርቱ ነገ ይደርሳል።) እንግሊዞች የከሰሉን ባቡር በናፍጣ መተካት ሲጀምሩ ለአጭር መንገድ የሚሆን፣ ጎታች የማያስፈልገው ባቡር ሠሩ። ሞተሩ ከመንገደኛው እግር ሥር፣ ወለሉ ሥር ነው። ሹፌሩ ከሁለቱም ጫፍ ይነዳዋል፤ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ማዞር ብሎ ጣጣ የለም፣ ወርዶ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ ብቻ ነው። ደርቢ ላይ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመሩ። የእኔዋ አሻንጉሊት ባቡር እናት ደግሞ ከ1959 ጀምሮ የተሠራች፣ ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ጠዋት ማታ ሠራተኛ ስታመላልስ የኖረች ናት። የበሯ ብዛት! በየወንበሩ ትይዩ አንድ በር። ግንባሯ ላይ እንደ ድመት ጢም ነጣ ያለ መስመር ይሣሉባት ነበር። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካስ ድምፅዋ ከከሰሉ ባቡር ዝቅ ስለሚል ነው፤ ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች ሳይሰሟት ላያቸው ላይ እንዳትደርስ፣ ከሩቅ እንዲያዩዋት።

ደግሞ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ መስታወት ነው። ፊት ወንበር የቀናው መንገደኛ በሹፌሩ ትከሻ አሻግሮ መንገዱ ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። በእኛ ቋንቋ፣ ጋቢና።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸብኝ።

ታናሼ ጋቢና ካልሆነ አይሄድም ነበር። አዲስ አበባ የምንሄድ ቀን መነኸሪያ በሌሊት ደርሶ ሾፌሩን «ጋሼ፣ እኔ ትንሽ ነኝ፣ መሀል እጣበባለሁ» እያለ ይለማመጣል። ወራቤን አልፈን ቡታጅራ እስክንደርስ አፉን ከፍቶ ፊት ፊቱን ያያል። ቤት ሲመለስ ከሰርዲን ቆርቆሮ መኪና ይሠራል። ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ረጅም ሽቦ። ጋቢናው ውስጥ የሚቀመጥ የጭቃ ሰውዬ ነበረው። ሰውዬው ሲደርቅ ይፈረካከሳል፣ እንደገና ይሠራዋል።

በ19 ዓመቱ በሞያሌ በኩል ሄደ። ያን መንገድ ጋቢና ተቀምጦ እንዳልሄደ የዚህ አገር ሰው ያውቃል፤ አልዘረዝርም።

ዛሬ ካርቶኑን ከባጃጅ ሳወርድ አንድ ጎረቤታችን «ምን ላከ?» አሉኝ። «ባቡር።» «ባቡር?» ዝም አሉ። ቀጥለው «የእነ እንትና ልጅ እኮ ጂ ፕላስ ቱውን ጨረሰላቸው» አሉኝ።

እስቲ ተዉን! እዚህም፣ ዱራሜም፣ ሾኔም፣ አንድ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ከገባ በኋላ በሲሚንቶ ነው የሚለካው። ስንት ወለል አወጣ? መሬት ገዛ? ለእናቱ ምን አደረገ? ታናሼ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በብረት ፍርግርግ ታጥሮ ዳቦና ሳሙና ሲሸጥ ውሎ እዚያው ሱቁ ውስጥ የሚያድር ነው። ሁለቴ ተዘርፏል። ሁለተኛውን ለእማዬ አልነገርናትም። (እማዬ ፌስቡክ የላትም፤ ያላችሁ ደግሞ አፋችሁን ያዙ።) በየዓመቱ ለያሆዴ በዓል እመጣለሁ ይላል፣ በየዓመቱ ወረቀቱ አላለቀም። ጆሃንስበርግ ጄፒ ዕቃ ሊያወርድ ሄዶ፣ መሬት ላይ ከተዘረጋ አሮጌ ዕቃ መሀል ይህችን ካርቶን አየ፣ ተከራክሮ ገዛ። ምን ታይቶህ ነው ብለው «ፊቷ መስታወት ነው፣ አላየኸውም?» አለኝ።

እሺ። ወደ ባቡሩ።

አባባ ቤት ሲመለስ ካርቶኑን አይቶ «ሊቶሪና!» ብሎ ጮኸ። አባባ በጎረምሳነቱ እንደ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ሰው መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዷል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲው ባቡር መስመር በዚያ ነበር የሚያልፈው። «ሌላውን ባቡር ባቡር ይጎትተዋል፣ ሊቶሪና ግን ራሷን ትጎትታለች» አለ። ፊያት የሠራት፣ በጣሊያን ጊዜ የመጣች፣ ስሟም የፋሺስቶቹ ዘመን ስም መሆኑን ነገርኩት። «ስሟን ተዋት፣ አኳኋኗን ነው የምነግርህ!» አንድም ቀን አልተሳፈረባትም። መተሐራ የገባውም የወጣውም በካቻማሊ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። የሚገርመው ሊማም የጣሊያን ኩባንያ ነበር፣ የቪቼንዛ። የእንግሊዝን ባቡር ለእንግሊዝ አሳንሶ የሚሸጥ ጣሊያን።

ማታ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ጋ ወሰድናት። 12 ቮልት ነው የምትፈልገው፤ ባለባጃጁ ባትሪውን ነቅሎ መጣ። በጀርባዋ አስተኝተን፣ የደረቀው ጥርስ ላይ የልብስ ስፌት ዘይት ጠብ አድርገን፣ አንዱን ሽቦ የፊት ጎማ ላይ፣ ሌላውን የኋላ ጎማ ላይ። ምንም። ሽቦውን ገለበጥነው። ምንም። አባባ በአውራ ጣቱ ጎማዋን ገፋ ሲያደርጋት ጮኸች! ወፍጮ ቤት በሏት። የሞቀ ዘይት ሸተተ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ይዞራሉ፣ ልጄ ይጨፍራል፣ ባለባጃጁ «ሆሳዕና–ጅቡቲ! አንድ ሰው የቀረ!» ይላል።

በቪዲዮ ደወልንለት። ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ አየን። «ጋቢናውን አሳየኝ» አለ። የስልኩን ካሜራ ፊቷ ላይ፣ መስታወቱ ላይ አስጠጋሁለት። ዝም አለ። ደንበኛ ጠራው መሰለኝ፣ ተቋረጠ።

የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባቡሯ የእውነተኛዋ 76ኛ እጅ ናት፣ ሐዲዱ ግን ለ87ኛ እጅ የተሠራው ነው። የጥንቱ ሞተር በጠባቧ የእንግሊዝ ባቡር ሆድ አልገባ ብሎ ገላዋን ብቻ አሰፉት ይባላል፤ ማብቃቃት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐዲዱ ያለው ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ሁለት ሜትርም ይበቃናል። ሻሸመኔ ድረስ እመጣለሁ።