ያገባም ያላገባም «ይበቃኛል» ስለ ማለት

ሰው ሁሉ ካለበት ኑሮ ይልቅ የሌላውን ኑሮ ይመኛል። ያላገባ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ መብራቱን ሲያበራ፥ ከጎረቤት የሚሰማውን የልጆች ድምፅ እያዳመጠ ብቸኝነቱን ያማርራል። ያገባውም ጎረቤቱ በዚያው ሌሊት የሕፃን ልቅሶና የቤት ወጪ ዕንቅልፍ ሲነሡት፥ «ያ ሰው እንዴት ያለ ዕረፍት አለው!» እያለ ይቀናል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ምኞት ግን ከወዲያና ከወዲህ ሲመላለስ ያድራል።

በመቀሌ ከተማም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ ያለፈ ያላገባች ሴት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘመዶቿን ስታገኝ፥ ከጤናዋ ቀጥለው የሚጠይቋት «መቼ ነው?» ብለው ነው። ያገባችውንም «ልጅስ?» ይሏታል። ጠያቂዎቹ የሚጠይቁት በፍቅር እንደ ሆነ አይካድም፤ ነገር ግን ጥያቄው በተጠያቂዋ ልብ እንደ እሾህ ተሰክቶ ይቀራል። ይልቁንም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ ከሆነው ጦርነት በኋላ፥ ባሏን የቀበረችና እጮኛዋን ሳትቀብር የቀረች ሴት በሚገኙበት አገር፥ ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት፥ በማግኘትም በማጣትም ረክቶ መኖርን የተማረ መሆኑን ይናገራል። ልብ ሊባል የሚገባው የተማርሁት ነው ማለቱ ነው። ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የተወለደ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ለሌላው ሰው ምን ተስፋ ይሆን ነበር? ትምህርት ከሆነ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስሕተትም አይጠፋበትም፤ የሚሻም ሁሉ ይማረዋል። ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ ጋብቻንም ያለ ጋብቻ መኖርንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ይቈጥራቸዋል እንጂ አንዱን ለማክበር ሲል ሌላውን አያቃልልም።

ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ ሌላ በድንጋይም ተጽፎ ለማየት የሚወድ ሰው፥ በመቀሌ ሁለት ስፍራዎችን ይመልከት።

የመጀመሪያው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በጣልያናዊው በጃኮሞ ናሬቲ መሪነት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ግንቡ ያማረ ነው፤ እልፍኙም ሰፊ ነው። ነገር ግን በዚህ ቤት ንጉሥ ተቀመጠበት እንጂ ንግሥት አልገባችበትም። የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ጥበበ ሥላሴ፥ ከአፋር ወገን ተወልደው በክርስትና የተጠመቁ ሴት ነበሩ፤ አርአያ ሥላሴ የሚባል ልጅም ወለዱላቸው። ንጉሡ ገና በጕልማሳነት ሳሉ ባለቤታቸው ዐረፉ፤ እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት ሳያገቡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩ።

ይህ በዚያ ዘመን ለነገሠ ሰው እንዴት እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። ጋብቻ የመኳንንት መታረቂያ፥ የአገር ማሰሪያ ገመድ ነበረና። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ለጫነ ንጉሥ ልጁን የማይሰጥ መኰንን ከየት ይገኛል? ዐፄ ዮሐንስ ግን በጾምና በጸሎት እንደ መነኵሴ ሆነው፥ በመንግሥት ሥራና በጦርነት እንደ ንጉሥ ሆነው ኖሩ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉ፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ስለ ሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ፤ ከእስክንድርያም አራት ጳጳሳት በአንድነት እንዲመጡ አደረጉ። ብቸኝነታቸው ባዶ ቤት አልነበረም፤ ሥራና ጸሎት የሞሉበት ቤት ነበር እንጂ።

ይህን ሲሉ እንከን የሌለባቸው ሰው ነበሩ ማለት አይደለም። በመተማ ቈስለው ሊሞቱ ሲሉ፥ የወንድማቸው ልጅ ሲባሉ የኖሩትን ራስ መንገሻን ልጄ ነው ማለታቸው ይታወቃል። ደግሞም በ1875 ዓ.ም. ለልጃቸው ለአርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ሲያጋቡ ልጅቱ ገና ሕፃን ነበረች፤ ጊዜው የፈቀደው ቢሆንም የዛሬ ሰው ሊያመሰግነው የሚገባ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ፍጹም ያልሆነ ሰው ቃሉን ጠብቆ መኖሩ፥ ፍጹም ላልሆንነው ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. አርአያ ሥላሴ በሞተ ጊዜ፥ አባቱን የምታጽናና እናት በቤቱ አልነበረችም። ንጉሡም ዓመት ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ልጃቸውን ተከተሉ። እንግዲህ ይበቃኛል ማለት አላለቅስም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው ስፍራ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመላለሱበት የእንዳ ኢየሱስ ከፍታ ነው። በታኅሣሥና በጥር 1888 ዓ.ም. የጣልያን ወታደሮች በዚያ ምሽግ ገብተው ሳሉ፥ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በአንድነት መጥተው ሰፈሩ። ምሽጉ ለጦር ቢያስቸግር የውሃው ምንጭ እንዲያዝ ምክር የሰጡ እቴጌይቱ ናቸው ይባላል፤ ውሃ ጥም የጸናባቸውም ጠላቶች ምሽጉን ለቀቁ። ባልና ሚስት በአንድ አሳብ ሲሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ያ ኮረብታ ይመሰክራል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲቈርቡ፥ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር የቀመሱ ነበሩ። ከቍርባን በኋላም ልጅ አልወለዱም። ለንጉሥ ቤት ከዚህ የሚከብድ ኀዘን አልነበረም፤ «ልጅስ?» የሚለውም ጥያቄ የቤተ ዘመድ ብቻ ሳይሆን የአገር ሁሉ ጥያቄ ነበረ። ሆኖም አልተፋቱም። ንጉሠ ነገሥቱ በደዌ በተያዙ ጊዜ እቴጌይቱ አስታመሟቸው። ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ባላቸው ከዐረፉ በኋላ በእንጦጦ ተቀምጠው፥ በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ከባላቸው ጋር ነው።

አንዱ ንጉሥ ያለ ሚስት፥ ሌላው ከሚስቱ ጋር፤ አንዱ በመቀሌ ግንብ፥ ሌላው በመቀሌ ኮረብታ። ለሁለቱም የጐደላቸው ነገር ነበረ፤ ሁለቱም የተቀበሉትን ጠበቁ። እርካታ ከኑሮው ዓይነት የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ባገኘው ነበር። ነገር ግን እርካታ የሚወለደው የተሰጠውን ታምኖ ከመጠበቅ ነው።

ይህም ነገር ለካህናት ቤት ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ ማግባት ወይ መመንኰስ አለበት። ስለዚህ ሹመቱ ደርሶ ሳለ ሚስት ሳይሆን የሹመት መግቢያ እንደሚፈልግ ሰው በችኮላ የሚያገባ አይጠፋም፤ ያችም ልጅ ከጊዜ በኋላ የተፈለገችው ለምን እንደ ሆነ ታውቀዋለች። ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ዳግመኛ ቢያገባ ክህነቱን ይተዋል፤ ባያገባ ሕፃናቱን ብቻውን ያሳድጋል። ሕዝቡ እስከ ተዝካሩ ድረስ ደጁን አያጣውም። ከተዝካሩ በኋላ ግን ማን ያንኳኳል? ታገሥ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የልጆቹን ልብስ ማጠብ ግን ከምክር ይበልጣል።

አንባቢ ሆይ፥ ይበቃኛል ማለት ብቻውን የሚቈም ምግባር አይምሰልህ። ያላገባ ሰው በኑሮው ደስ ሊለው የሚችል፥ ማኅበረ ምእመናኑ እንደ ጐደሎ ሰው ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው ሲቀበለው ነው። ያገባም ሰው በትዳሩ የሚጸና፥ ልጅ ቢያጣ ወይም ገንዘብ ቢያንሰው የማይሳለቅበት ጎረቤት ሲያገኝ ነው። ጳውሎስም እንኳ በእስር ቤት ሳለ ይበቃኛል ያለው፥ የፊልጵስዩስ ሰዎች ስጦታ ልከውለት ነበር።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያችን ያላገባች ልጅ ወይም ያችን ባሏ የሞተባትን ሴት በደጀ ሰላሙ ስታገኛት፥ «መቼ ነው?» ብለህ አትጠይቃት። «ዛሬ ምሳ ከእኛ ጋር ብዪ» በላት።