ዘፋኝ የሌለበት ምሽት

የኛ ሰው ስለ ሙዚቃ ሲጠይቅ «ማን ነው የዘፈነው?» ይላል እንጂ «ማን ነው የተጫወተው?» አይልም። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ የዘፋኙ ነው። የባንዱ ስም ከታች በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል፤ የተጫዋቾቹ ስም ምናልባት ከተጻፈም ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ዘፋኝ ጭራሽ የሌለበት ሲሆንማ «ክላሲካል» ብለነው አረፍን። ፈረንጅ ክላሲካል ሲል ሞዛርትንና ቤትሆቨንን ያስባል፤ እኛ ዘንድ ግን ክራርም ይሁን ዋሽንት፣ ኦርጋንም ይሁን ሳክስፎን፣ ቃል ከሌለው ክላሲካል ነው። በሬዲዮ ዜናው እስኪጀምር፣ በሠርግ ሙሽሮቹ እስኪመጡ፣ በሆቴል እራቱ እስኪቀርብ የሚሰማ ነገር። ባጭሩ ሌላ ነገር እስኪመጣ ድረስ መጠበቂያ ነው።

እኔ ደግሞ ይኸው በስተርጅና ያንን መጠበቂያ እጠብቃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከቤቴ ሩቅ ባልሆነ አንድ አዳራሽ፣ ኃይሉ መርጊያ ይጫወታል። ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ። ልጄ «ስልክህ ላይ ካለ ይበቃል» ብትለኝም አላመንሁም፤ በወረቀት አሳትሜ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ውሃ ልጠጣ በተነሣሁ ቁጥር አነባቸዋለሁ። ይህ ጽሑፍ እናንተ እጅ ሲገባ ቅዳሜው አልፎ ይሆናል፤ እኔ ግን አሁን የምጽፈው ከዚህኛው ወገን ሆኜ ነው።

ለወጣት አንባቢ ጥቂት ልበል። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ግርማ በየነ በፒያኖ። (ስማቸውን አንድ ባንድ የምዘረዝረው ከላይ ያማረርሁትን እኔው ራሴ እንዳልደግመው ነው።) በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው እጁን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ ሲቆጣም እጁን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው የማንም ቤት ባንድ አለመሆንን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ ከሞላ ጎደል በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ አሳተሙ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አብሯቸው አለ። ዛሬ የፈረንጅ ባንድ ሳይቀር የሚጫወተው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያ ሸክላ የወጣ ነው። 1977ን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ሸክላውን አላየሁትም። የደረሰኝ የቅጂ ቅጂ የሆነ ካሴት ነበር፤ በላዩ ላይ በቢክ እስክርቢቶ «ክላሲካል» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሌላ ነገር የለም። የማን እንደሆነ እንኳ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቴፓችን ድምፁን እንደ ትንሽ ዘመድ በስስት ነበር የሚያወጣው። ኦርጋኑ ይሰማል፣ ትራምፔቱ ይሰማል፤ ቤዙ ግን ግድግዳ ማዶ ያለ ጎረቤት የሆነ ነገር የሚያንኳኳ ያህል ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ኦርጋኑ ያዛጋል። ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ሲሞቅ አንድ ሁለት ዜማ ያህል ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ ተመልሶ ያዛጋል። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ሙዚቃ በጥሩ ማጫወቻ ሰምቼዋለሁ፤ ግን በጥሩ ማጫወቻ መስማትና ሰውዬው ጣቱን ሲያሳርፍ አየሩ ሲነቃነቅ ደረት ላይ መቀበል አንድ ይሆናል ብዬ አላምንም። ቅዳሜ የምሄደው አንደኛ ለዚያ ለግድግዳ ማዶው ቤዝ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ወንድሜ ነው። ጋሼ ስምንት ዓመት ይበልጠኛል። በዚያ በ1977 እሱ ሃያ ዓመቱ ሲሆን እዚያው ሂልተን ወጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበር። ሰዓት እላፊ የታወጀበት ዘመን ነው፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከውጭ የተገኘ ሰው ዕጣው አይታወቅም። ስለዚህ ምሽት ክበብ የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ እንግዳውም፣ አስተናጋጁም፣ ባንዱም። ሙዚቀኞቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱት ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል ጭምር ነበር። «ሰው በየመንገዱ እየረገፈ እነሱ እንዴት ይጫወታሉ?» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ከተቆለፈ በር ውስጥ ያለ ሰው ሌላ ምን እንዲያደርግ ይፈለግ እንደነበር ግን የነገረኝ የለም።

ጋሼ ባንዱን ሲሰማ ነው የኖረው፤ አንድም ቀን ግን አላየውም። አስተናጋጁ ትሪውን ተሸክሞ የወጥ ቤቱን በር በትከሻው ሲገፋ ሙዚቃው ይገባል፤ በሩ ተመልሶ ሲገጥም ሳህንና ማንኪያ ብቻ ይቀራል። እንደዚያ እየተቆራረጠ እስከ ንጋት። ልጅ ሳለሁ ይህን ሲያጫውተኝ በሩን በእጁ እያሳየ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነበርና ከካሴቱ ይልቅ እሱን መስማት ይሻለኝ ነበር። ሲነጋ ሰዓት እላፊው ያበቃና በእግሩ ወደ ቤት ይመጣል። እናታችን ሌሊቱን አትተኛም። ፊቱን አይታ ውሃ ታቀርብለታለች እንጂ ምንም አትጠይቀውም፤ እሱም በመንገዱ ያየውን አይናገርም። ቀይ ሽብር በተፋፋመ ጊዜ ስለ ሙዚቃውም ማጫወቱን ተወ።

ምን እንዳየ የነገረኝ እዚሁ አሜሪካ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መኪና ውስጥ ነበርን። አዲስ የታተመውን «ቼ በለው» ገዝቼ ደስ ይለው ብዬ ከፈትሁት። እጁን ሰድዶ አጠፋው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ አንድ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ አስፋልት ዳር የልጅነት ጓደኛውን ተኝቶ እንዳገኘው ነገረኝ። ተኝቶ ነው ያለው፤ ሌላ ቃል አልተጠቀመም። ጆሮው ውስጥ ገና የሌሊቱ ኦርጋን አለ፤ ቆሞ እንዳያየው ወታደሮች አሉ። በዚያ ኦርጋን ልክ እየረገጠ አለፈው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንሥቼበት አላውቅም። ሙዚቃ ቁስል ያሽራል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለምን ዓይነት ቁስል እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ሁለተኛውን ትኬት የገዛሁት ጋሼን ላክም ብዬ አይደለም። ያን ባንድ ከበሩ ወዲህ ሆኖ አንዴ እንዲያየው ፈልጌ ነው።

ባንድ አልሁ እንጂ ቅዳሜ የሚመጣው ዋልያስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያሶች ከማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካን ሊዞሩ መጡ፤ ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚህ ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አቀናብሮ አንድ ካሴት ሠራ። በኋላ መድረክ ራቀ፤ በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይለየውም ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ድረስ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመዳል። እኔም እዚያው አየር ማረፊያ ለጥቂት ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ያንን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ በስልክ አገር ቤት ይጣላል። ስንት መኪና ከፊቴ ወይም ከኋላዬ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይጫወት እንደነበር ሳስበው የሚያንገበግበኝም የሚያስቀኝም ነገር አለው።

የዚያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ወጡ፤ በዚህኛው አለምሰገድ ከበደ ቤዝ፣ ኬኔት ጆሴፍ ድራም ይጫወታሉ። ከዚያ ከሰባት ስምንት ሰው ሙሉ ባንድ አንድ ሰው፣ እሱም ሰማንያ ገደማ የሆነው። ይህ ያስፈራኛል። የአርባ ዓመት ጉጉት አንድ ምሽት ላይ ሲጫን ምሽቱ ላይችለው ይችላል። ደግሞም አዳራሹን የሚሞሉት የልጄ እኩያ ፈረንጆች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ይህ ሙዚቃ መጠበቂያ ሆኖ አያውቅም፤ የመጡት ለሱ ብቻ ነው። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ትናንት ማታ ጋሼ ደወለ። የጉልበቱን ነገር አጫወተኝ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ አማረረ፣ ከዚያ ድንገት፣

«ያ ነገርህ ቅዳሜ ነው እሑድ?» አለኝ።

«ቅዳሜ ነው ጋሼ።»

«ወንበር አለው?»

«የለውም፤ ቆመው ነው የሚሰሙት። ለትልልቅ ሰዎች ግን ከኋላ ጥቂት ያስቀምጣሉ ብለውኛል።»

ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ከበስተኋላው ይሰማኛል።

«ከኋላ የት ጋ?»

«በሩ አካባቢ ይመስለኛል።»

«በር አጠገብ አልቀመጥም» አለና ዘጋው። ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ጋ ደውዬ ወደ ፊት አንድ ወንበር እንዲያስገቡልኝ ለመንኋቸው፤ እናያለን ብለዋል። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው።